ሐይቅ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ከዋራዝ ከተማ ወጣን፣
ዘጠኝ ሰው በአንድ ሚኒባስ፣ በየጓዛችን ታጭቀን፤
ባልና ሚስት ከኮርያ፣ የጥርስ ሐኪም ከሆላንድ፣
ተማሪዎች፣ አንድ መነኩሲት፣ እኔም ጥጉ ላይ፣ ስንገደገድ።
መሪያችን ኤርሜሊንዳ በሩ ላይ በጨለማ ቆማ
በጣቷ ቆጠረችን፤ ሁለቴ፣ በእጅ ባትሪ ጭላንጭል፣ በዝግታ፣ በለዘብታ።
«ዘጠኝ ይወጣል፣ ዘጠኝ ይወርዳል፤ ሌላ ሕግ የለኝም፤
ከኔ ቀድሞ ለሚሮጥ ግን፣ ቢወድቅ አላለቅስለትም።»

መንገዱ ሲጀምር ለምለም ነው፤ ላሞች ከጅረቱ ማዶ፣
ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ቀይ ዛፍ፣ ወገቡ ተንጋዶ፤
ግብጦው ሰማያዊ አብቦ፣ ከደረታችን ተካክሎ፣
ጤዛውን በየጭናችን ያራግፋል ዘንበል ብሎ።

ከዚያ ዳገቱ መጣ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣
አየሩ ሳሳ፤ እግሬም የተዋስኩት ይመስል ደነዘዘ።
አንድ እርምጃ፣ ሁለት ትንፋሽ፤ አንድ እርምጃ፣ ሦስት ትንፋሽ፤
ልቤ ጆሮዬ ስር ይደልቃል፣ ደረቴን ጥሎ ሊሸሽ።
ሥራዬን ልንገራችሁ፤ የሊማ ሒሳብ መርማሪ ነኝ፣
ከአራተኛ ፎቅ በላይ በእግሬ ወጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ ምን ነካኝ?
አገሬ ነው፤ ግን እንግዳ ነኝ።

ኤርሜሊንዳ ዞር ሳትል፦ «ቀስ። ተራራው የትም አይሄድም።»
ጥቂት ቆይታ ደግሞ፦ «ዋሸሁ፤ ይሄዳል። ዛሬ ግን አይደለም።»
የኮካ ቅጠል ሰጠችኝ፤ በጉንጬ ይዤ አመነዠኩ፣
ድንጋይ በድንጋይ ቆጥሬ የመጨረሻውን ጠርዝ ያዝኩ።

ሐይቁ።
ሰማያዊ ልበለው? አረንጓዴ? ቃሉ አልመጣልኝም።
ጥርስ ሐኪሙ አለቀሰ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረንም።
ኮርያዊቷ እግሯን ነክራ እንደ ሕፃን ጮኸች፣
ባሏ ካሜራውን ሳያወጣ፣ እየሳቀች ወጣች።

በካርታው ላይ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው፣ ሠላሳ አንድ።
«ለምን?» አልኳት።
«ዘግይቶ ስለ ተወለደ። ስም የሚያወጡት ሽማግሌዎች
አላዩትም። እዚህ በረዶ ነበረ።»

አባቷ ዶን ፍሮይላን በረዶ ቆራጭ ነበሩ፤
በመጥረቢያ ፈልጠው፣ በሣር ጠቅልለው፣ በአህያ ጭነው
ፀሐይን ቀድመው ገበያ ይደርሳሉ። ሴቶቹ ይፍቁታል፣
ቀይ ጭማቂ አፍስሰው ለተማሪ ልጆች ይሸጡታል።
«ደብተሬ የተገዛው በዚህ ነው፤ ጫማዬም።
ጥርሴ የተበላሸውም» አለች፣ ወደ ሆላንዱ እያየች።

አንድ ቋጥኝ ላይ ቀይ የቀለም መስመር አለ፣ ሊጠፋ የደረሰ።
አባቷ የቀቡት ነው፣ እሷ ጡት በጣለችበት ዓመት፤
በረዶው የሚያበቃው እዚያ ነበር።
እኛ ዳቧችንን ስንገምጥ እሷ ከመስመሩ ተነስታ
በሐይቁ ዳር ዳር ሄደች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤
ሄደች፣ አነሰች፣ ነጩ ጥግ ጋ ደረሰች፣
ተመለሰች፤ እርሳሷን በምራቋ አርሳ ጻፈች።
ቀን፣ እርምጃ። ቀን፣ እርምጃ።

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ፤
እንዲህ ያለ ንጹሕ አላየሁም። ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ።
ሁሉም ወጪ ነው፤
ገቢ የለም።

«ማን ያየዋል?» አልኳት።
«አንተ አየኸው» አለችና ደብተሩን ከደነችው።

ስንወርድ ዝናብ ነበር። መነኩሲቷ ሁለቴ ተንሸራተተች።
ከሚኒባሱ በር ላይ ጣት ተቆጠረ፦ ዘጠኝ።

ማታ ከተማ ስንገባ፣ ጋሪውን ይዞ አንድ ልጅ ቆሞ
የፋብሪካ በረዶ ይፍቃል፣ ቀይ ጭማቂ ደጋግሞ።
አንድ ብርጭቆ ገዛሁ፤ ጣፋጭ ነው፤ ጥርሴን ቆረጠኝ፣
ሳልጨርሰው ቀለጠ፤ ጣቴ ላይ ቀይ መስመር ቀረልኝ።
ኤርሜሊንዳ አላየችኝም፤ ስልኳን በትከሻዋ ደግፋ
የነገ እንግዶችን የጫማ ቁጥር ትጽፋለች፣
በዚያው ደብተር፣ አንድ ቅጠል አልፋ።