የብር ባቡር

በአልዩ አምባ ቁልቁል፣ ከገበያው ማዶ፣
ወናፍ እነፋ ነበር፣ ዓይኔ ጢሱን ለምዶ፤
አያ ደገፋው ቤት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣
«ሙያ ይማር» ብላ ሰጥታኝ እናቴ።

ግራዝማች ወንድይራድ መጡ አንድ ማለዳ፣
ከበቅሎ ሳይወርዱ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ።
«ይኸው ጠገራ ብር፣ አገሩ ያዋጣው፣
ማዕድ የሚያደምቅ ጌጥ እንዲወጣው።
የባቡሩ ሹም ነው፣ ያገራችን ልጅ፣
ሐዲዱን ያመጣል እስከ ገበያው ደጅ።
ባቡር ሥራለትማ፣ በብር የጠራ፣
ጢሱ የሚታይ፣ ድምፁ የሚያስፈራ።»

ሄዱ።

አያ ደገፋው ግን ድሬዳዋን አያውቅ፣
እግሩ ካንኮበር ዳር ተሻግሮ አይርቅ፤
ባቡር ማለት ለሱ፣ ቱፍ ቱፍ የሚለው
የሐጂ ኢብሬ ወፍጮ ነው፤
ሐዲዱም የወፍጮው ቀበቶ መሰለው።

ሦስት ሳምንት ቀለጠ፣ እስከ መጨረሻ፣
የጠገራዋ ንግሥት ጉንጭና ትከሻ።
ከውስጡ ወጣ ወፍጮ፣ ጥርሱ የጤፍ ቅንጣት፣
መዘውሩ የሚዞር በሕፃን ልጅ ጣት፤
ከደጁም አህያ፣ ስልቻ ተጭና፣
ተራ ስትጠብቅ፣ አንድ ጆሮዋ ቀና።

እኔ አውቅ ነበር። የቄሱ ልጅ ደብተር ልባሱ ላይ
አይቻለሁ ባቡር፣ እንደ አባጨጓሬ እግሩ ብዙ ሲታይ።
ልናገር አልኩና፣ ሞረዱን ሰምቼ፣
የአህያዋን ዓይን ሲወቅር አይቼ፣
ዝም አልኩ።

የግብዣው ዕለት ድንኳኑ ሙሉ ነው።
ገበታ ካለበት ቀጥቃጭ አይገባም፤
ከአጥር ጀርባ ሆነን፣ በቁልቋሉ ሽንቁር ነው ያየነው።

ሐሩ ሲገለጥ ድንኳኑ ጸጥ አለ፤
የግራዝማች ፊት አመድ መሰለ።
ሹሙ መነጽሩን ዝቅ አርጎ ጎንበስ አለ፣
መዘውሩን ነካ።
ዞረ።
የብር ደቃቅ፣ ከሞረድ የተረፈ፣
ነጩ ጨርቅ ላይ እንደ ዱቄት ረገፈ።
ጣቱን በምላሱ አርሶ ነካው፣
ሊቀምሰው ይመስል።

«ማነው የሠራው?»

ከሥሩ ስም ነበር፦ የሹሙ፣ የአገሩ፣
የግራዝማች ደግሞ፣ ጎላ ብሎ ዳሩ።
አያ ደገፋው ጥቁር እጁን
ጋቢው ውስጥ ሸሸገ።
እኔም ከአጥሩ ጀርባ፣ ሁለተኛ ጊዜ፣
ዝም አልኩ።

የቀያሾቹን ችካል ማሽላ ዋጠው።
ሐዲዱ አልመጣም። የሐጂ ኢብሬም ወፍጮ
በመብራት ነው ዛሬ፣ ቱፍ ቱፉን ተወው።
ግራዝማችም የሉ፣ ሹሙም የሉበት፤
የብሩ ባቡርም ማን እንዳለበት ቤት
አላውቅም።

ግን ምናልባት አንድ ሰው፣ አቧራውን ጠርጎ፣
ያንን ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቅ፦

አያ ደገፋው ነው።
አህያዋን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩዋት።