ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ሃያ ሁለት ናቸው የኛ ባራንጋዮች፤
ስምንቱ የባሕር ዳር፣ የቀሩት ዳገቶች።
እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በጣቴ እየገፋሁ
ስማቸውን ስጠራ፣ በዚህ ወንበር አረጀሁ።
ካላፓዋን፣ ሊምቡሃን፣ ታላይታይ፣ ማንግሎት፣
ሁለቱ ዱላንጋኖች፣ ላይኛውና ታችኛው፣ የማይዋደዱት፣
ከዚያም ቢኑሎድ፣ ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት።

ቢኑሎድ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ መድረሱ ነው ችግር፤
ጂፕኒው አስፋልት ባለቀበት ይጥልሃል፣ ከዚያ በእግር፣
ከእግር ቀጥሎ ደግሞ በቀርከሃ ታንኳ፤
ገመድ እየሳበ ኔሜሲዮ ያሻግርሃል፣
ገንዘብ ባይኖርህ እንኳ።

ሁሉን ያበላሸው የወንዙ ነገር ነው።
በካርታው ላይ ወንዙ ድንበር ነው፤
ወዲህ ካላፓዋን፣ ወዲያ ቢኑሎድ፣
በአሜሪካኖች ዘመን አንድ ቀያሽ በቀይ ቀለም ያሰመረው።
ወንዝ ግን ካርታ አያነብም።
በዚያ በኅዳሩ ማዕበል፣ ሌሊቱን ሲያጓራ አድሮ፣
ነግቶ ብናየው የለም፤ ሄዷል ቤቱን ቀይሮ።
የድሮው መኝታው አሸዋ፣ ዛሬ በቆሎ ይዘራበታል፤
አዲሱ መንገዱ በቢኑሎድ ጸሎት ቤት መሃል ያልፋል።
በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል፣ የደወሉ ምሰሶ ብቅ ይላል፣
ሳቢሳ ይቆምበታል።

የሁለቱም ሹሞች ቢሮዬ መጡ፣ ጭቃቸውን ይዘው።
ባልዶሜሮ ካርታ ዘርግቶ፣ «ይኸው መስመሩ፤
በቆሎው የኔ ነው» አለ።
ሌዮንሲያ ጃንጥላዋን ወለሉ ላይ ቀጥ አድርጋ፣
«ድንበሩ ወንዙ ነው። ወንዙ ሄደ።
ድንበሩስ ምን ሊሠራ ይቀራል?» አለች።
ሁለቱም ልክ ነበሩ። የተጠበሰ ሙዝ ገዛሁላቸው፤
እሱንም ሳይጨርሱ፣ ጀርባ ሰጥተው ወጡ።
ጉዳዩ «ይጣራ» ተብሎ ወደ ክፍለ ሀገር ተላከ፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሁንም ይጣራል፤
አንድም ቀን መልስ አልተላከ።

ከዚያ በአንድ ሐሙስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
አንድ ጎልማሳ ገባ፣ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ።
«መዝግቢልኝ።»
«ስም?»
«ዶሮቴዮ።»
«የተወለደበት ባራንጋይ?»
ዝም አለ። ከጸጉሩ የሚወርደው ውሃ ጠረጴዛዬን አራሰው።
«ታንኳ ላይ» አለኝ በመጨረሻ።
«መሃል ስንደርስ እናቱ ‹አቁሙ!› አለች።
ኔሜሲዮ አቆመ። ልጁ ግን አልቆመም።»
«መሃሉ ወደ የትኛው ዳር ያደላል?»
«እመቤቴ፣ እኔ እጇን ነው የያዝኩት፤
ሜትር አልያዝኩም።»

ቅጹን ገለበጥኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት።
ለባራንጋይ ቦታ አለው፣
ለከተማው፣ ለክፍለ ሀገሩ፣
ለአዋላጇ ፊርማ ሳይቀር ቦታ አለው፤
ለውሃ ግን ቦታ የለው።

ያን ጊዜ ቢኑሎድ የቀሩት ስድስት አባወራ ነበሩ፤
«ሰው ካነሰ ይሰረዝ» የሚል ደብዳቤ መጥቶልኝ
መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከመርፌና ክር ጋር፣ ተኝቷል።
ብዕሬን አነሳሁ። «ቢኑሎድ» ብዬ ጻፍኩ።
ሐሰት ከሆነም ግማሽ ሐሰት ነው፤
ግማሹን ኔሜሲዮ ይሸከምልኛል።
ማኅተሙን እፍ አልኩበት፣ መታሁት።
ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣ በዚያ ዓመት፦
ሠላሳ አንድ ሰው።

አሁን ልጁ ስምንት ዓመት ሞላው።
የሚማረው ካላፓዋን ነው፤
ነጠላ ጫማውን በእጁ፣ ደብተሩን በላስቲክ ይዞ ይሻገራል።
ባለፈው፣ ለቅዱሱ በዓል ባንዲራ ሲሰቀል፣
ከታንኳው ሲወርድ አገኘሁት።
«የየት ልጅ ነህ?» አልኩት፤ እንደማላውቀው ሆኜ።
ጣት ሳያነሳ፣ እንደ ሀገራችን ልማድ፣
ከንፈሩን አሹሎ ወደ ወንዙ ጠቆመ።
ዞሬ አየሁ።
ከወዲያኛው ዳር፣ የቤት በር የምታህል አፈር
ሣሯን እንደለበሰች ተገምሳ
ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ ገባች።