ወንበር

ገንቦ የሚገዛ ሰው በጣቱ ያንኳኳል፤
ስንጥቅ የደበቀ ድምፁ ያሳብቃል።
የድራሆሚራም ሥራ ይኸው ነው፦ ማንኳኳት።
ብቻ የሷ ሸክላ ይዞራል እንደ ጎማ፣
ጣቷም መርፌ ነች፣ ከጸጥታ ወደ ዜማ
በጠባብ ቦይ የምትወርድ።

የማተሚያው ማሽን እንፋሎት ሲተፋ፣
ውጭ በረዶ ጥሎ መንገዱ ሲጠፋ፣
ከብርኖ በስተሰሜን፣ ባቡር በማይቆምበት መንደር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣ ስትሰማ፣ ስትቆጥር፦
«ቀጭ» ካለ አንድ። «ሽሽ» ካለ ሁለት።
ሦስት ከሞላ ሸክላው ወደ መፍጫ፣ ተመልሶ ወደ ጭቃነት።

እኔ ልተካት ነው የመጣሁት፤
ለፋሲካ ጡረታ ትወጣለች።
«ሙዚቃውን አትስማ» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን።
«ሙዚቃ ደላላ ነው፤ በወሬ ይዞህ ይሄድና
ስንጥቁን ሳታይ ያሻግርሃል።»
ይህን ስትል ግን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
ቀኝ እግሯ ከበሮውን ይከተል ነበር።

በዚህ ወር የመጡት አዳዲስ ጃዞች ናቸው፣
ገና ማንም ያልሰማቸው፣ ሽፋን እንኳ የሌላቸው፣
ነጭ ወረቀት ለብሰው፣ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎባቸው።
ዓለም በፀደይ የሚሰማውን
እኛ በበረዶው ወር ሰማን።

አንዱ ከሄልሲንኪ ነው፤ ሳክስፎን፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ፣
ሐይቅ ላይ የተኛ በረዶ ሲሰነጠቅ ያለ ድምፅ፣
ነፊው ትንፋሹን የት እንደሚሸሽግ እንጃ።
«ጎበዝ ነው፤ ጉብዝናውን ግን ያውቃታል» አለች፣
ስኳር የሌለው ሻይዋን አማሰለች።

ሌላው ከፖርቶ፤ አንዲት ልጅ፣ ቪብራፎን ይዛ፣
ዝናብ ካባራ በኋላ ከጣሪያ ጠርዝ የሚንጠባጠብ፣ በለዛ።
ጎን ሁለት ላይ፣ ሦስተኛው ዜማ መሃል፣
መምቻዎቿን አስቀምጣ ብረቱን በጥፍሯ ትነካዋለች።
ድራሆሚራ መርፌውን አንስታ ወደ ኋላ መለሰች።
በደንቡ ክልክል ነው። ሁለቴ ሰማችው።
«ይህን ለልጅህ ግዛላት» አለችኝ።
ልጅ የለኝም።
«ትኖርሃለች።»

ሦስተኛው ከኦስትራቫ፦ ፒያኖ፣ ከበሮ፣ ትልቁ ቤዝ፤
ድሮ የከሰል ቆፋሪዎች ልብስ በሚቀይሩበት አዳራሽ የተቀዳ፤
ቤዙን የሚጫወተው ሽማግሌ ነው፣ በእርሳስ ስሙ፦ ላሆዳ።
ጎን አንድ ሊያልቅ ሲል ሁሉም ዝም አሉና
እሱ ብቻውን ቀረ፣
ከዝምታውም ውስጥ
አንድ «ሲጥ»።

ቆጠርኩ። አንድ።
ሁለተኛውን ናሙና አስቀመጥን፤ እዚያው ቦታ፣ «ሲጥ»።
ሦስተኛውንም።
እርሳሴን አነሳሁ። ቅርጹ ተጭሯል፤
አምስት መቶው ሸክላ ይፈጫል።

እጄን ያዘችኝ።
«እሱ እኮ ወንበሩ ነው።
ሰውየው ሊደገፍ ነበር፤ ዜማው ጠራውና ተመለሰ።
ከሲጥታው በፊት ትንፋሽ አለ፣ ስማ፤
ከሱ በኋላ ጣቱ ቅንጣት ታህል ይዘገያል።
ወገቡን የሚያመው ሰው እንዲህ ነው የሚነሳው።»

መልሰን ሰማን። ወንበር ነበር።
የእንጨት ወንበር፣ ምናልባት አንድ እግሩ አጭር፣
በላዩ አንድ ሰው፣ በሰውየው ላይ ሰባ ዓመት።
ከዚያ ቤዙ ወረደ፣ ታች፣ በጣም ታች፣
ጉልበቴ ከጆሮዬ ቀድሞ ወደ ሰማበት።

ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፦
ጉድለት አለው፤ ጉድለት የለውም።
እሷ ከሁለቱ መሃል፣ በጠባቧ ነጭ ቦታ፣
«ወንበር» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች በዝግታ።
አለቃው ጠዋት ምን እንደሚል አልጠየቅኋትም።

የማታው አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ጠበቀን።
ካፖርቷን እየቆለፈች፣
«ከበሮ መቺው ግን ይቸኩላል» አለች፤
«ልጅ ነው። ይበርድለታል።»
ከዚያ ዝም።
ከጫማችን ሥር በረዶው
ሲጥ። ሲጥ። ሲጥ።
ከሦስት በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።