ጉዳይ ፈጻሚ

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ዝቅ ብሎ፣ ከበሬሳ ድልድይ ማዶ፣
ማመልከቻና ውል የምጽፍባት ሱቅ አለችኝ፣ ጣሪያዋ ውርጭ ለምዶ።
ጋሽ አጥናፍሰገድ ገቡ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮ ስበው፣
አሮጌ መዝገብ በብብታቸው፣ ሁለት ፌስታል ደራርበው።

«ጻፍልኝ» አሉ፣ «ርእሱን ደማቅ አድርገው፣ ከመሐል፤
ወደዚያች አገር የተላኩ ልዑካን ዝርዝር፣ በል።»
ያች አገር ቀጭን ናት፣ ሁለት ባሕር ከግራ ከቀኝ የያዟት፣
እንደ ጣርማበር አፋፍ፣ ሁለት ገደል እንዳቀፏት።
ስሟን ሁለቴ ስቼ ጻፍኩ፣ ሁለቴም አረሙኝ፤
«የአገር ስም እንደ ሰው ስም ነው፣ ቀስ በል» አሉኝ።

ተራ ቁጥር አንድ፦ ልጅ ክፍለየሱስ ይርዳው፤
መቀመጫቸው ሌላ አገር፣ ለዚያች በደርቡ የተሾሙ ናቸው።
ለሦስት ቀን ሄዱ፤ ዝናብ ነበር፤ የሹመት ደብዳቤ አቀረቡ፤
የተሰጣቸው በቀቀን፣ አማርኛ ሳይለምድ፣ መንገድ ላይ ሞተ።
«ይኼን አታስገባው» አሉ፤ ቆይተው ደግሞ አሰቡ፤
«የለም፣ አስገባው። እሱም መልእክተኛ ነበር።»

ተራ ቁጥር ሁለት፦ አቶ ተሰማወርቅ ብሩ፤
ደብዳቤው የተጻፈላቸው ሰው፣ እሳቸው ሲደርሱ አልነበሩ።
በዋዜማው ሌላ ሰው ወንበሩን ይዞ አደረ፤
አዲስ ደብዳቤ እስኪመጣ አንድ ክረምት በሆቴል ተቆጠረ።

ተራ ቁጥር ሦስት፦ ክፍት።
አሥራ ሰባት ዓመት።
«ሰረዝ ላድርግበት?» አልኳቸው። «ሰረዝ አይደለም፤ ነጭ ተወው፤
ሰው ያልነበረበት ቦታም ታሪክ ነው፤ አትንካው።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ጭጋጉ በአንኮበር መንገድ ይመጣል፤
«ድሮ እኛ ዘንድ የውጭ ልዑክ ሲመጣ፣ መች ቶሎ ይገባል?
አልዩ አምባ ገበያ አስቀምጠነው፣ ጨው ሲሸጥ፣ በቅሎ ሲጫን እያየ፣
‹ነገ› እያልነው ቆየ። ‹ከነገ ወዲያ› እያልነው ቆየ።
እኔም በሰው አገር ደጅ ስጠና፣ ያያቶቼ ዕዳ ነው አልኩ፤
እነሱ ያስጠበቁትን ያህል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ከፈልኩ።»

«እርስዎ?» አልኩ። ጣቶቼ ፊደሉ ላይ ቀሩ።
እስከዚያን ቀን ጋሽ አጥናፍሰገድ ለእኔ የዕድር ጸሐፊ ብቻ ነበሩ።

«አምባሳደሩ ታመው ለሕክምና ሲሄዱ፣
ለታይፒስቱ ቀረ ቁልፉም፣ ማኅተሙም፣ ከነጓዱ።
አርባ ቀን። ከጫማ ሱቅ በላይ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣
አርባ ቀን ጉዳይ ፈጻሚ፣ አንድ ጉዳይ ሳይመጣ ስቀመጥ።
ጠዋት ባንዲራ አወጣለሁ፣ ማታ አጥፌ አስገባለሁ፤
ስልኩ እንዳይዝግ ብዬ፣ አንስቼ ‹ሃሎ› እላለሁ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን አንድ ልጅ ደረጃውን ወጣ፤
ጉልበቱ የተላጠ፣ ደብተር የያዘ። ቴምብር ፍለጋ ነው የመጣ።
‹ከእናንተ አገር የለኝም› አለ፣ ባዶውን ቦታ በጣቱ እያሳየኝ።
መሳቢያው ውስጥ አንድ ነበረች፣ የሃያ አምስት ሳንቲም። ላብ አጠመቀኝ።
የመንግሥት ንብረት ናት! ግራ ቀኝ አየሁና፣ ልሼ ለጠፍኩለት።
እጄን ስሞ ሮጠ። ወጪ አላደረግኳትም። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩት።»

የበግ መኪና በአስፋልቱ አለፈ፤ በጎቹ እየጮኹ።
«ተራ ቁጥር አራት ብዬ ስምዎን ልጻፍ?» አልኩ።
«ስሜን ተወው። ቴምብሯን ጻፋት፤
‹ወጪ፦ ቴምብር፣ አንድ፣ ለልጅ› በል፤ ቀኗንም አስገባላት።»

ሦስት ቅጂ አወጣሁ። ሒሳብ ሊከፍሉ ኪሳቸውን ዳበሱ፤
ከፍለው ወጡ። ከደጅ ደግሞ ተመለሱ።
ሃያ አምስት ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ፤ «ይኼ የመንግሥት ነው፤
አንተ ወደ አዲስ አበባ ትመላለሳለህ፤ አድርሰው።»

ሳንቲሟ ኪቦርዴ ሥር ናት። እኔም እንግዲህ ተልኬያለሁ፤
ወዴት እንደሚገባ የሚነግረኝ እስካገኝ፣ ደጅ እጠናለሁ።