በሙሉ ድምፅ

ከዚራ፣ ከለገሃሬ ማዶ፣ በድሮው የባቡር ኩባንያ ቤት፣
ጣሪያው ሰማይ በሚያህል፣ ቬንትሌተር በሚያቃስትበት፣
አንድ ጠረጴዛ አለ። ክብ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤
ራስጌ የለው፣ ግርጌ የለው፣
ሁሉን እኩል የሚያስቀምጥ ነው፣
ተብለናል ሲገዛ።
ቬንትሌተሩ ግን የተሰቀለው
ካንዱ ወንበር አናት ላይ ነው።

ወንበሮቹ ሦስት ናቸው፤ ለመንግሥት፣ ለአሠሪ፣ ለሠራተኛ፤
ጥግ ላይ እኔ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የማልቆጠር አራተኛ።
ደመወዜ ከቢሮው ነው፣ የባጃጄ ከፋብሪካው፣
ለበዓል ዘይት ከማኅበሩ፤
የማን ሰው ነሽ ብባል፣ እንጃ፣ መልሱን አላውቀው።

አቶ ይግለጡ ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣
«እኛ አንድ አካል ነን» አሉ፣ ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉ፤
«መንግሥት ራስ ነው፣ ኩባንያው ሆድ፣ ሠራተኛው ደግሞ እጅ፤
እጅ ከሆድ መቼ ይጣላል? ያጎርሰዋል እንጅ!
ሥራ ማቆም፣ ሰልፍ፣ ጩኸት፣ ያለፈበት በሽታ ነው፤
ጤነኛ ሰውነት ማለት ድምፁ የማይሰማው ነው።»

ተጨበጨበ።
እኔም ጻፍኩ። «አንድ አካል» ከሚለው በታች ሳሰምርበት
ድንገት መጣብኝ የአባቴ ጣት።

አባቴ ጅብሪል የባቡር ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤
ሌባ ጣቱን ብረት በላው፣ ሐሙስ ቀን፣ ለምሳ ጥቂት ሲቀር።
ኩባንያው ዝርዝር ነበረው፤ አውራ ጣት ይህን ያህል፣
ትንሿ ጣት ይህን ያህል።
በቀሪው እጁ ፈረመ፤ ተቀበለ፤ «አላህ ይስጥልኝ» አለ።
እያደር ነው የገባው።
ማታ በረንዳ ላይ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ያንን ዘመን ሲያወጋኝ፣
ማን እንደ ዘረፈው ሊያሳየኝ
እጁን ያነሣል፣ ወደ ከዚራ ያዞራል፤
ሌባ የሚጠቁምበት ጣት የለም። አየር ብቻ ይቀራል።

የሠራተኛው ወንበር ላይ ያለው ረድዋን ነው፤ አብሮ አደጌ።
ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት
ዳኛ ሲያዳላ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነበር፤
«ዋሪያ! የት አለ ሕጉ?» ባዩ።
ዛሬ ሸሚዙ ኪስ ላይ የፋብሪካው ዓርማ ተሰፍቷል፤
ኩባንያው ጠቆመው፣ ቢሮው አጸደቀው፣
መመረጡንም ለመራጮቹ በስልክ መልእክት አሳወቀው።

ተራ ቁጥር ሦስት፤ የምሳ ዕረፍት ከሠላሳ ወደ ሃያ ደቂቃ፣
ለአገር ተወዳዳሪነት ሲባል።
ረድዋን የውሃውን ክዳን ከፈተ። ዘጋ። ከፈተ።
እጁን አወጣ።

ይኼኔ ነው፣ ለእንግዶቹ አበባ እንድታበረክት የመጣችው፣
መልካ ጀብዱ፣ መስመር ሰባት፣ ኮሌታ የምትሰፋው
ኢፍቱ ሙሜ፣
አበባውን እንደታቀፈች፣ ሳይፈቀድላት የጠየቀችው፤
«ራሱን አወቅን። ሆዱንም አወቅን። እጁ እኛው ነን።
አፉስ?
የዚህ ሰውዬ አፉ የማን ነው?»

ቬንትሌተሩ ብቻ መለሰ።
ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ፤ «ጥሩ አስተያየት ነው፤ በልዩ ልዩ ይታያል።»
ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ሞልቷል፣ ምሳ ቀርቧል።
(ምሳው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ።)

ቃለ ጉባኤው ከትናንት ጀምሮ ተተይቦ ፍላሽ ላይ ነበር፤
«ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ» ይላል የመጨረሻው መስመር።
ሁለቴ አነበብኩት። ውሸትም አይደለ፤
በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን፣ በሙሉ ድምፅ የተናገረ ሰው አለ፤
አንዲት ናት። ስሟ ግን የለ።

ከመስኮቱ ውጭ ኒሞቹ ቆመዋል፤ ንፋስ የለም።
አቶ ይግለጡ በሩ ላይ ሆነው «አላለቀም?» ይላሉ።
የኔ ሌባ ጣት ሙሉ ነው፤ ጥፍሩን ሒና ቀብቼዋለሁ።
ጠቆምኩበት፤
«አትም» የሚለውን።