ለጊዜው

ታርቱ ላይ በረዶ፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
ሬሊካ ብቻዋን፣ የሆስፒታሉ ኮድ ፊት።
አንዲት መስመር አለች፣ ሟቹ ኡርማስ የጻፋት፦
«ማኅተም አትጠይቅ፤ ለጊዜው ነው፣ ምናለበት።»

ለጊዜው!
እሱ ከተቀበረ ይኸው ስድስት በረዶ፤
ጠሪው ፕሮግራም ግን «አቤት» ላለው ሁሉ ያድራል ሰግዶ።

መስመሯን ሰረዘች።
ወዲያው ቀይ ጽሑፍ፦ «ማኅተሙ ከስሙ አልገጠመም።»
ስልኩ ጮኸ፤ የደም ምርመራ ውጤት የለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል፤
አድራሻውን ግን ኡርማስ ነው፣ በእጁ፣ ከፋይሉ ጥግ የጻፈው።
ያ ቤት ከተለቀቀ ቆየ።
ታዲያ እስከ ዛሬ «አቤት» ሲል የኖረው ማነው?

ቁጥሩን ፍቃ፣ ስሙን ከምንጩ ጠየቀች፤
እውነተኛው በር ማኅተሙን አሳየ።
«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ብቻ፣
የእጁ ናትና፣ ሳትነካ አለፈች።