የት ነበርህ

እጄን አትመልከቱ፣ ጥቁረቱ አይለቅም፤
ሳሙና ያውቀዋል፣ እሱ ሳሙና አያውቅም።
ከሰል አክሳይ ነበርሁ ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣
ግራር ከነነፍሱ በጉድጓድ ውስጥ ነዶ
አመዱ ጉንጬ ላይ፣ ጭሱ ሸሚዜ ላይ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰውም ደንም ሳይ።
ጆንያው አፉን በሣር ታስሮ አስፋልት ዳር ሲቆም
«ስንት ነው?» ይሉኛል፤ «የት ነበር?» አይሉም።

ይመኙሻል መጣች አምና በኅዳር ወር፣
ደብተር በብብቷ፣ እርሳስ ከሻሿ ሥር።
«ጋሽ ጥላዬ፣ አንተ እሳት፣ እኔ ደግሞ ሂሳብ፤
ከእንጨት ሌላ የሚከስል እስቲ እንፈልግ፣ እናስብ።»
ያሳየችኝን ሳየው ሳቅ ሊገድለኝ ነበር፦
የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የሰሊጥ ጭራሮ ክምር፣
የትምባሆ አገዳ፣ ከብት አሽትቶ የተወው፣
ነፋስ እንኳ ሰልችቶት አጥር ላይ የጣለው።
«ትርፍራፊ ነው!» ስላት፣ «ትርፍ አልህ» አለችኝ፤
በርሜል እያንከባለለች ከኋላ አስከተለችኝ።
«ይህ ከሰል ከሆነማ እኔ ጳጳስ ነኛ!»
በርሜሉን አቁማ ጻፈች፦ «ሙከራ አንደኛ»።

አንደኛው አመድ ሆነ። ሁለተኛው ጥሬ።
ሦስተኛው ላይ ነቃሁ፤ ክዳኑን ቀብሬ፣
በጭቃ መርጌ፣ ትንፋሹን አዳምጬ፣
ነጩን ጭስ ለቅቄ፣ ሰማያዊውን ቆርጬ
አደርሁ።
ሲነጋ ከፈትነው።
ጥቁር፣ ቀላል፣ ደረቅ፤ ሲነኩት የሚሰበር፤
የግራር ያህል ባይሆንም፣ የግራር ዘመድ ነበር።

ወቀጥነው፣ ነፋነው፤ ከወፍጮ ቤት ጥራጊ
ገንፎ አገንፍተን ለወስነው፣ ሙጫ እንዳንፈልግ ለዋጊ።
ዘይነባ ትዘውራለች፣ እኔ እቀበላለሁ፤
ከብረቱ አፍ ሲወጣ በሁለት እጅ እይዛለሁ።
ሸራ ላይ አሰጣነው።
ሊደርቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የበልግ ዝናብ መጣ፤
ጡብ ያልነው ሁሉ ቀልጦ ጥቁር ሾርባ ወጣ።
ይመኙሻል ዝም አለች፤ እርሳሷን ቀረጸች፤
«ኪሳራ» ብላ ጽፋ፣ «ቆርቆሮ» ጨመረች።

ወይዘሮ ድንበሯ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሽሮ የሚያፈሉት፣
«ጡብ ነው» አሉን ስቀው፣ «ሂዱ ቤት ሥሩበት።»
በነፃ ሁለቱን ከምድጃው ዳር ትተን ወጣን፤
ሲመሽ ልጅ ላኩብን፤ እያለከለከ ጠራን፦
«ያ ጡባችሁ አለ፤ ሽሮዬ ግን አልቋል፤
እሳቱን ማን ያጥፋው? እንቅልፍ ይዞኛል!»
በማግስቱ ሁለት ጆንያ።
በሳምንቱ የቁርጥ ቤቱ፣ የሾፌሮቹ ማደሪያ።

ሮቢት ላይ ወሬ ከሙቀቱ ይፈጥናል።
አምና «ጠርጋችሁ ውሰዱልኝ» ያለን እንድሪስ ይመር
ዘንድሮ ማሳው ጫፍ ላይ ዋጋ ይጠራ ጀመር።
«አምና ቆሻሻ ነበር» አልሁት። «አምና» አለኝ፣
«አንተም አምና ሌላ ነበርክ። ጨምርና ክፈለኝ።»
ከፈልሁት። ምን ልበል?
ደብተሩ ላይ ሰፈረ፣ ከብድሩ ወለድ ጎን፤
ትርፉ ትንሽ ቢሳሳም፣ ተበዳሪ እንጂ ለማኝ አልሆን።

ማታ ማታ ይመኙሻል ትደምራለች፤
ገቢ፣ ወጪ፣ የቀረ ብላ መስመር ታሰምራለች።
ከወንዙ ማዶ ላለው ግን ዓምድ የለም።
ስንት እንደጣልሁ አልጻፍሁም፤
ጉቶው ራሱ ጽፎታል፣ ክብ በክብ፣ ዓመት በዓመት፤
ማንበብ ባልችልም፣ ቆሜ ማየት አልተከለከልሁበት።

እሁድ ሄድሁ።
ከአንዱ ጉቶ ጎን ቀንበጥ ወጥቶ
ፍየል ጫፉን በልታዋለች።
የወደቀ እሾህ ሰብስቤ አጠርሁለት፤
ሲመሽብኝ እዚያው አደርሁ፤ መንገዱ ጠፋኝ ብል ውሸት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ በሩን ገፋ ሳደርግ
ዘይነባ እየዘወረች ነው፣ ብቻዋን፣ ላቧ ሲንጠባጠብ።
ይመኙሻል እርሳሷን ከሻሿ ስባ አወጣች።
«የት ነበርህ?» አለችኝ።
ግማሽ ቀን ቆረጠችብኝ።
አልተከራከርኋትም።